የካርቡረተር ቾክና የሞተር መጥፋት በእህል በረንዳ

ቾክ በካርቡረተር አፍ ላይ ያለ ቀጭን ክዳን ነው። ቤንዚን በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ በሚገባ ስለማይተን፣ ሞተሩ ሲነሳ አየሩ ተቀንሶ ቤንዚኑ እንዲበዛ ክዳኑ ይዘጋል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይከፈታል። በአሮጌ መኪኖች ሾፌሩ ከክሩስኮቱ ሥር ያለውን እጀታ ስቦ ይዘጋዋል፤ ኋላ በመጡት ደግሞ ሙቀት ሲያገኝ የሚፈታ የብረት ጥቅል ራሱ ይከፍተዋል። ሞተር በየመንገዱ መጥፋት ሲጀምር በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ክዳን ነው። በእህል በረንዳ ግን ከቾኩ በፊት የአየር ማጣሪያው መታየት አለበት።

እህል በረንዳ በአዲስ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ ያለ የእህል ገበያ ነው። ወደዚያ የሚገባው ጤፍና ስንዴ በብዛት የሚጫነው በናፍታ መኪና ነው፤ ፊያት ኤን 3ም ሆነ አይሱዙ ኤን ፒ አር ካርቡረተር የላቸውም። እዚህ የሚነገረው በቤንዚን የሚሠሩትን አሮጌ የጭነት መኪኖች፣ በተለይ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተሠሩትን ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘርና ዳትሰን ፒካፖች ይመለከታል።

ጤፍ ከጆንያ ወደ ጆንያ ሲገለበጥና ሲነፋ ደቃቅ ብናኝና እብቅ ይነሳል። ሞተሩን ሳያጠፋ ጭነት የሚጠብቅ መኪና ያንን ሁሉ ይስባል። የታፈነ ማጣሪያ ያልተከፈተ ቾክ የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ምልክቱም አንድ ነው፦ ጥቁር ጭስ፣ በጥላሸት የጠቆረ ወይም የረጠበ ካንዴላ፣ የቤንዚን ሽታ፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ተንቀጥቅጦ መጥፋት። ለመለየት መኪናውን ከአቧራው አውጥቶ ማጣሪያውን ማንሳትና ሞተሩን ለአጭር ጊዜ ማስነሳት ነው። ጭሱ ከጠራ ካርቡረተሩን መፍታት አያስፈልግም። የወረቀት ማጣሪያ ይለወጣል። በዘይት የሚሠራው ማጣሪያ ግን ሥሩ የተኛው ጭቃ ታጥቦ ይወጣና አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ድረስ ብቻ ይሞላል፤ ከዚያ ካለፈ ሞተሩ ዘይቱን ይስባል።

ሁለተኛው ምክንያት ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቡረተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ለቆላ የተስተካከለው እዚህ ሲደርስ ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ ሊበዛበት ይችላል። ከጎጃም የሚመጣ መኪና ከደጀን ወርዶ አባይ ድልድይ ላይ 1,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ወዲያው ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል። በረሃው ውስጥ የድብልቅ ብሎኑ የተነካካ ካርቡረተር ዳገቱን ሲጨርስ መታፈኑ አይቀርም። አዲሱ እህል በሚገባበት በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የከተማዋ ንጋት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ቾክ የግድ ይሳባል፤ ሞተሩ እንደተረጋጋም ቀስ በቀስ መመለስ አለበት።

አጠፋፉ ራሱ ብዙ ይናገራል። ሳይንተፋተፍ በድንገት ቀጥ የሚል ሞተር ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ችግር አለበት፤ ቦቢናና ፑንቲና ይታያሉ። ዳገት ላይ እየተንገራገጨ የሚደክመው ቤንዚን አንሶታል፤ የቤንዚን ማጣሪያው ቆሽሿል፣ የፓምፑ ላስቲክ ተቀዷል፣ ወይም የነዳጅ ታንኩ ክዳን አየር አያስገባም። ክዳኑን ላላ አድርጎ መሞከር ምንም ወጪ የለውም። ቾክ ሲሳብ ብቻ የሚሠራና ሲመለስ የሚጠፋ ሞተር ደግሞ ከታፈነው ተቃራኒ ነው፤ በካርቡረተሩ ሥር ካለው ጓርኒሲዮን ወይም ከተሰነጠቀ የፍሬን ሰርቮ ቱቦ ትርፍ አየር እየሳበ ነው፣ አለዚያም የሚኒሞው ቀዳዳ ተደፍኗል። እንዲህ ያለውን መኪና ቾክ እየሳቡ መንዳት ችግሩን መደበቅ ነው፤ የሚተርፈው ቤንዚንም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥባል።

ብዙዎቹ የቶዮታ ካርቡረተሮች የአይሳን ሥራ ናቸው፤ በብዙዎቹ ጎን ላይም ትንሽ የመስተዋት መስኮት አለ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የቤንዚኑ ከፍታ በመስኮቱ መሐል ላይ መታየት አለበት። መስኮቱ እስከ ላይ ከተሞላ የቤንዚን መግቢያው መርፌ አልዘጋም ወይም ተንሳፋፊው ቤንዚን ገብቶበት ከብዷል ማለት ነው። ሚኒሞውን የሚዘጋው የኤሌክትሪክ ቫልቭም ቁልፉ ሲከፈት ‹ጠቅ› ማለት አለበት። ዝም ካለ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ቫልቩ ሞቷል፤ መኪናው ነዳጅ ሲሰጠው ይሠራል፣ እግር ሲነሳ ይጠፋል። በዚህ አንድ ሽቦ ምክንያት ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ወርዶ ሌላ ካርቡረተር የሚገዛ ሾፌር ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል።

ቤንዚኑም መታየት አለበት። በአዲስ አበባ በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀምሮ ነበር። ኤታኖል ውኃ ይስባል፣ ለእሱ ያልተሠራ አሮጌ ላስቲክ ያሳብጣል፣ ታንክ ውስጥ የኖረ ዝገትና ዝቃጭ ያስለቅቃል። የቤንዚን ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ የሚደፈን ከሆነ ታንኩ ወርዶ ይታጠብ።

አልነሳ ያለን ሞተር በካርቡረተሩ ጉሮሮ ቤንዚን እያፈሰሱ ማስነሳት የተለመደ ነው፤ እጅግ አደገኛም ነው። ሞተሩ ወደ ላይ ከተፋ እሳቱ የሚያፈስሰውን ሰው እጅና ፊት ይይዛል። ደረቅ ጆንያ፣ ገለባና የእህል ብናኝ ባለበት ገበያ ውስጥ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ቤንዚን የጠጣ ሞተር ቾኩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ በሞተሪኖ ጥቂት ሲዞር ትርፉን አውጥቶ ይነሳል።

የካርቡረተሩ ብሎኖች ሁሉም ነገር ከታየ በኋላ በመጨረሻ ይነካሉ። ሞተሩ ይሞቃል፣ ቾኩ ይከፈታል፣ ንጹሕ የአየር ማጣሪያ ይገጠማል። የድብልቁ ብሎን በካቻቪቴ ቀስ ተብሎ ሞተሩ እስኪንገዳገድ ይጠብቃል፣ ከዚያ በጣም ለስልሶ እስኪሠራ ይላላል፤ ፍጥነቱ በሌላው ብሎን ይወርዳል። ሥራው አዲስ አበባ ላይ ከተሠራና መኪናው ወደ አዋሽ ወይም ወደ መተሐራ የሚወርድ ከሆነ እዚያ ቤንዚን ያንሰዋል፤ በቆላ ረዘም ላለ ጊዜ የሚሠራ ከሆነ እዚያው እንደገና መስተካከል አለበት።