ተራራውን ጓሮ ያስገቡት ሰዎች

(ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1772 እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጆሴፍ ባንክስ ከአይስላንድ ሲመለስ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ወርቅም ቅመማ ቅመምም አልነበረም። የነበረው እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። በዓመቱ ይህ ድንጋይ ለንደን ውስጥ፣ በቴምዝ ወንዝ አጠገብ ባለው የቼልሲ የመድኃኒት ዕፅዋት ማሳደጊያ፣ ከታወቀው የለንደን ግንብ ከመጣ 40 ቶን ገደማ አሮጌ ድንጋይ ጋር ተከመረ። በክምሩ ስንጥቆች መካከልም የሩቅ አገር ዕፅዋት ተተከሉ። ክምሩ ዛሬም እዚያው አለ። በአውሮፓ ለሕዝብ ክፍት ከሆኑት የድንጋይ አትክልት ቦታዎች ሁሉ ቀዳሚው ይባላል።

አበባ ለማየት ብሎ ድንጋይ በመርከብ መጫን የባለጸጋ ቅብጠት ይመስላል። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ግን ጓሮ ከማስዋብ ያለፈ ነው። ሰው የወደደውን ነገር ከቦታው ነቅሎ እንዴት ሊያጠፋው እንደሚችል፣ ያው ሰው ደግሞ ዘርቶ እንዴት ሊያተርፈው እንደሚችል ያሳያል። ጉዳዩ ዛሬ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የፖሊስና የፍርድ ቤት ሥራ ሆኗል። ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም።

ድንጋዩ ለምን አስፈለገ?

ብዙ ሰው የተራራን ተክል ወደ ታች ሲያወርዱት የሚገድለው ሙቀት ብቻ ይመስለዋል። አትክልተኞች ከብዙ ኪሳራ በኋላ የተማሩት ግን ዋናው ጠላት የተኛ ውሃ መሆኑን ነው። በአልፕስ ተራሮች የብርድ ወራት ሲገባ አመዳዩ ተክሉን እንደ ጋቢ ያለብሰዋል፤ ተክሉም ከዚያ ሥር ሆኖ ሳይረጥብ ይቆያል። በለንደን ግን በእነዚያ ወራት ዝናብ ይደጋገማል፤ ጭቃ ውስጥ የተተከለ የተራራ አበባ ከአንገቱ ይበሰብሳል። ድንጋይና ጠጠር ሲደረግለት ውሃው ወዲያው ይወርዳል፣ አንገቱ ደርቆ ይቆያል፣ ሥሩም ከድንጋዩ በታች ያለውን ቅዝቃዜና እርጥበት ፍለጋ ጠልቆ ይሄዳል።

እንደ እሬትና እንዳሁላ ያሉ፣ በቅጠላቸው ውሃ የሚቋጥሩ ዕፅዋትም ጠላታቸው ያው ነው። ብዙዎቹ ቀን በፀሐይ የቅጠላቸውን ቀዳዳዎች ዘግተው ሌሊት ይከፍታሉ፤ በዚህም ውሃቸውን ይቆጥባሉ። ድርቅን ይችሉታል፣ የተኛ ውሃን ግን አይችሉም። ስለዚህ ከብርዳም ተራራ የመጣውና ከደረቅ ምድር የመጣው በአንድ የድንጋይ ክምር ላይ ጎረቤት ሆኑ። ሁለቱንም ጠባይ በአንድ ገላ የያዘም አለ፤ ሴምፐርቪቨም የተባለው የአልፕስ ተክል። ስሙ በላቲን «ሁልጊዜ ሕያው» እንደ ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥት ሻርለማኝ በ800 አካባቢ ለርስቶቹ ባወጣው ደንብ አትክልተኛው ይህን ተክል በቤቱ ጣሪያ ላይ እንዲያበቅል አዟል። ሕዝቡ ተክሉ መብረቅ ይከላከላል ብሎ ያምን ነበር።

ፍቅር ሲነቅል

ለረጅም ጊዜ ይህ ሁሉ የጥቂት ሰዎች ነገር ነበር። የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ተለወጠ። በ1863 ቶማስ ኩክ የመጀመሪያውን የስዊዘርላንድ የቡድን ጉብኝት መራ፤ ከዚያ በኋላ ተራራው በእንግዳ ተጥለቀለቀ። እንግዳ ደግሞ ባዶ እጁን መመለስ አይወድም። ነጭ ጸጉር የለበሰችው ኤደልቫይስ ኮፍያ ላይ የምትሰካ የጀግንነት ምልክት ሆነች። የመንደሩ ሰዎችም ለመንገደኛ ይሸጧት ጀመር፤ ብዙ ጊዜ ከነሥሯ። በ1878 ኦብቫልደን የተባለው የስዊስ ካንቶን ኤደልቫይስን ከነሥሯ መንቀልን በሕግ ከለከለ።

የፈላጊው ጉጉት ግን አልበረደም። በእንግሊዝ ጠበቃው ፍራንክ ክሪስፕ ፍራያር ፓርክ በተባለው ግቢው ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ቶን ድንጋይ አስከምሮ ማተርሆርን የተባለውን የአልፕስ ተራራ በትንሹ አሠራ፤ የብረት የተራራ ፍየሎችም አቆመበት። በ1970 ይህን ግቢ የገዛው የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን ነው።

በዚህ ዓይነቱ ትዕይንት በብዕሩ ይሳለቅ የነበረው ሬጂናልድ ፋረር ነው። ፋረር በ14 ዓመቱ ዮርክሻየር ውስጥ በተተወ የድንጋይ ካባ የራሱን አትክልት ቦታ የሠራ ልጅ ነበር። በ1907 «የእኔ የድንጋይ አትክልት ቦታ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ድንጋዩ እንደ ተፈጥሮ አለት እንዲቀመጥ፣ ተክሉም የተወለደበትን ዓይነት ቦታ እንዲያገኝ አስተማረ። ሰፊ ርስት የሌለውም ሰው ተራራን በጓሮው ሊያበቅል እንደሚችል አመነ። ዘርን በጠመንጃ አጉርሶ ወደ ገደል በመተኮስ ዘራ እየተባለ ዛሬም ይወራለታል።

ዳሩ ግን ፋረር ራሱ ከአልፕስ ዕፅዋትን ከነሕይወታቸው እየነቀለ ወደ አገሩ ያመጣ ነበር። አንድ ሰው አንድ ተክል ቢነቅል ተራራው አይጎዳ ይሆናል። መጽሐፍ ያነበበ ሺህ ሰው አንዳንድ ሲፈልግ ግን ሸለቆ ባዶ ይቀራል። ፋረር በመጨረሻ ዘር ፍለጋ እስከ ቻይናዋ ጋንሱ ዘለቀ፤ በ1920 በላይኛው በርማ ተራሮች ላይ በዚሁ ሥራ እንዳለ በ40 ዓመቱ ሞተ።

ፍቅር ሲዘራ

ለችግሩ የተሻለውን መልስ የሰጠው ሰው ግን ከፋረር ቀድሞ ተነስቶ ነበር። በ1854 የተወለደው ስዊዘርላንዳዊ አትክልተኛ ሄንሪ ኮርቮን በ1883 ጄኔቫ ላይ የዕፅዋት ጥበቃ ማኅበር አቋቋመ። ኮርቮን ፈላጊውን «አትውደድ» ማለት ከንቱ መሆኑን ተረድቶ ነበር። ሕግ አንድን መንደር ሊከለክል ይችላል፤ በሌላ አገር የተቀመጠውን ገዢ ግን አያገኘውም። ስለዚህ የተራራ ዕፅዋትን ከዘር ማብቀል ጀመረ፣ ዘሩንና ችግኙን ለሚፈልገው ሸጠ፣ ከዘር የበቀለው ከተነቀለው ይልቅ በጓሮ እንደሚለምድ አስተማረ።

በዚህ ነጥብ የአትክልተኛው ጥቅምና የተራራው ጥቅም ተገናኘ። ከተራራ የተነቀለ ተክል ረጅሙ ሥሩ ስለሚበጠስ ብዙውን ጊዜ ቆላ ወርዶ ይሞታል። ከዘር የወጣው ግን ከመጀመሪያ ቀን አዲሱን አፈርና አየር ለምዶ ያድጋል። በ1889 ቡርግ ሳን ፒየር ከተባለች መንደር በላይ «ላ ሊኒያ» የተባለ የተራራ ዕፅዋት ስፍራ ተከፈተ። በ1929 ደግሞ በእንግሊዝ የአልፕስ አትክልት ማኅበር ተመሠረተ፤ አባላቱ እስከ ዛሬ ዘር በፖስታ ይለዋወጣሉ። አንድ ፖስታ ውስጥ የሚገባ ዘር ተራራውን ሳይነካ ብዙ ጓሮ ይሞላል።

ያው ታሪክ በሌላ አህጉር

በደቡብ አፍሪካ ምዕራብ ወገን፣ ካሩ በተባለው ደረቅ ምድር፣ ኮኖፊተም የሚባሉ የአውራ ጣት ያህል ዕፅዋት አሉ። ላያቸው ጠጠር ይመስላሉ። አንዳንዶቹ ከአንድ ኮረብታ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከ2019 ወዲህ፣ በተለይም ኮቪድ ሰውን ቤት ከዘጋበት ጊዜ ጀምሮ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የተቀጣጠለ ፍላጎት እነዚህን ዕፅዋት አጠቃ። ባለሥልጣናት በሕገወጥ መንገድ የተነቀሉ ከ1 ሚሊዮን በላይ ዕፅዋት ይዘዋል። ሥራ ያጣው የመንደር ሰው ጥቂት ገንዘብ ያገኛል፤ ትርፉ ባሕር ማዶ ነው። የተያዙት ዕፅዋትም ከየትኛው ኮረብታ እንደመጡ ስለማይታወቅ ወደ ቦታቸው መመለስ ከባድ ነው።

ፖሊስ ያስፈልጋል። ነገር ግን የኮርቮን ትምህርት እዚህም ይሠራል። ኮኖፊተም ከዘር ይበቅላል፤ ዓመታት ይፈጃል እንጂ። የሚቸግረው የገዢው ችኩልነት ነው። ዕድሜና ጠባሳ ያለውን የዱር ተክል ይመርጣል። ይህን ምርጫ የሚያሳፍር እስካላደረጉት ድረስ ሕግ ብቻውን አይበቃም።

ኢትዮጵያ ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 መጥቶ በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ ከትግራይና ከሰሜን ተራሮች የሰበሰባቸው የደረቁ ዕፅዋት በአውሮፓ ቤተ መዛግብት ተበትነዋል። አገሪቱ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሏት፤ ብዙዎቹ የራሷ ብቻ ናቸው። በደብረ ብርሃን ስም የተጠራው ዝርያ አንዱ ነው። ከአሎቬራ በቀር እሬቶች በሙሉ ዓለም አቀፍ ንግዳቸው በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። በ1998 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው አዋጅ ቁጥር 482ም ሀብቱን የሚወስድ ሰው ፈቃድ እንዲጠይቅና ጥቅሙን ለማኅበረሰቡ እንዲያካፍል ያስገድዳል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ዘሩ በፖስታ ሄዶ የሌላ አገር ችግኝ ሻጭ ካበለጸገ፣ ተራራው ቢተርፍም የተራራው ሰው ምን አገኘ? ኮርቮን ይህን ጥያቄ አላቀለለም፤ ተራራውም ችግኙም የአገሩ ስለነበሩ ጥያቄው አልገጠመውም። ለኢትዮጵያ ግን ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱም ዘሩን ሰብስቦ፣ ችግኙን አፍልቶ የሚሸጠው ተክሉ ከበቀለበት አካባቢ የመጣ ወጣት መሆኑ ነው። አለበለዚያ አዋጁ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ የሚነቅል እጅም አይጠፋም።

በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚበቅለው ጅብራ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። ለዓመታት ሳያብብ ያድጋል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ቀጥ ያለ ረጅም የአበባ አምድ ያወጣል፣ እጅግ ብዙ ደቃቅ ዘር ይበትናል፣ ይሞታል። ሳያብብ የነቀለው ሰው ያን ሁሉ ዘር አብሮ ነቅሏል። ጠብቆ አንድ እፍኝ የወሰደ ግን ለጓሮው ከበቂ በላይ ይዞ ይሄዳል፤ ለተራራውም ይተርፈዋል።