አይብ የተሞላ ቃሪያ፦ ከሜክሲኮ ማሳ እስከ ኤር ፍራየር

ስንግ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ቃሪያውን በቁመቱ ሰንጥቀን፣ ፍሬውን አራግፈን፣ በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርትና ቲማቲም እንሞላበታለን። በተለይ በጾም፣ ከሽሮ ጋር ሲቀርብ፣ እንጀራው ሳያልቅ ስንጉ ያልቃል።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ስንግ ሳይሆን ስለ ሩቅ ዘመዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰው ኳስ ለማየት ሲሰበሰብ ከሚቀርቡት መክሰሶች አንዱ በአይብ የተሞላ ሃላፔኞ ነው። ሃላፔኞ ወፍራም ሥጋ ያለው አረንጓዴ ቃሪያ ነው። ድሮ በዱቄት ተለውሶ በዘይት ይጠበስ ነበር፤ አሁን ብዙ ሰው በኤር ፍራየር ይሠራዋል። ሲያዩት ተራ መክሰስ ነው። ግን እስኪ ቆም ብለን እንጠይቅ፦ ቃሪያው ከየት መጣ? አይቡስ? ሁለቱ መቼ ነው የተገናኙት? የዚህ ጥያቄ መልስ እኛንም ይነካል፤ ምክንያቱም «የአባቶቻችን ነው» የምንለውን በርበሬንም ይዞ ይመጣል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሪያው የማን ነው?

የኛ ቃሪያ፣ የኛ በርበሬና ሃላፔኞ አንድ የዕፅዋት ዝርያ ናቸው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ካፕሲኩም አኑም ይባላል። ይህን ዝርያ ከዱር አምጥተው ያላመዱት የዛሬዋ ሜክሲኮ ጥንታዊ ገበሬዎች ናቸው። በአሜሪካ አህጉራት ሰዎች ቃሪያን ለምግብ ማዋል ከጀመሩ ከ6000 ዓመት በላይ ሆኗል። «ቺሊ» የሚለው ስም ራሱ አዝቴኮች ከሚናገሩት ከናዋትል ቋንቋ የተወሰደ ነው። ሃላፔኞ ደግሞ «የሃላፓ» ማለት ሲሆን፣ ሃላፓ በሜክሲኮ የቬራክሩዝ ግዛት ከተማ ናት።

አዝቴኮች ቃሪያን ከቅመም በላይ ያዩት ነበር። ከሚያስገብሯቸው አውራጃዎች በግብር መልክ ደረቅ ቃሪያ በጭነት ይሰበስቡ ነበር። የሚገርመው ደግሞ ጾማቸው ነው። እኛ ስንጾም ሥጋና ወተት እንተዋለን፣ ቃሪያው ግን ያጽናናናል። አዝቴኮች ጾሙ ሲባል የሚተዉት ጨውና ቃሪያን ነበር። ለእነሱ ቃሪያ የሌለው ምግብ ምን ያህል ባዶ እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

አይቡስ?

ታዲያ አዝቴኮች ቃሪያ በአይብ ሞልተው በልተው ያውቃሉ? በፍጹም! አይብ ከየት ይምጣ? ከ1492 በፊት በሜክሲኮ ላም፣ በግና ፍየል አልነበሩም። የሚታለብ እንስሳ በሌለበት ወተት የለም፤ ወተት ከሌለ አይብ የለም።

ኮሎምበስ በመጀመሪያው ጉዞው የፈለገው የህንድን ቁንዶ በርበሬ ነበር። ያገኘው ግን ቃሪያን ነው። በጥር 1493 በጉዞ ማስታወሻው ላይ የአካባቢው ሰዎች ያለሱ እንደማይበሉ፣ ከቁንዶ በርበሬም እንደሚሻል ጽፏል። በዚያው ዓመት መስከረም፣ በሁለተኛው ጉዞው፣ በ17 መርከቦች ተመልሶ ሲሄድ ከብቶች፣ በጎች፣ ፍየሎችና አሳማዎች ጭኖ ነበር። የዚያ ዘር ተባዝቶ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ሜክሲኮ ገባ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይመራል። ከብቶቹ የገቡት ከወራሪዎች ጋር ነው። በ1520 ፈንጣጣ አገሩን ፈጀው፤ በነሐሴ 1521 የአዝቴኮች መዲና ቴኖችቲትላን ወደቀች። የስፔኖች ከብት አጥር በሌለው የበቆሎ ማሳ እየገባ የተረፈውን ገበሬ ሰብል ይበላበት ነበር። ስለዚህ «ሁለቱ ዓለማት በአንድ ቃሪያ ውስጥ ተገናኙ» ማለት ደስ ይላል፣ ውሸትም አይደለም። ግን አንደኛው እንግዳ በሩን ሰብሮ እንደገባ መርሳት የለብንም።

ከዚያ በኋላ ሜክሲኮዎች የራሳቸውን ነገር ሠሩ። «ቺሌ ሬዬኖ» የሚባለው ምግብ ትልቅ ቃሪያ ተጠብሶ፣ ተልጦ፣ በአይብ ወይም በሥጋ ተሞልቶ፣ በእንቁላል ተለብጦ የሚበስል ነው። የአሜሪካኖቹ መክሰስ የዚህ ታናሽ ዘመድ ነው። ውስጡ ብዙ ጊዜ የሚገባው ለስላሳው ክሬም ቺዝም በ1870ዎቹ በኒውዮርክ ግዛት በፋብሪካ መመረት የጀመረ ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ

አሁን የማይመች ጥያቄ ልጠይቅ። አጼ ላሊበላ በርበሬ ያለው ወጥ በልተው ያውቃሉ? አጼ ዘርዓ ያዕቆብስ ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ? አልበሉም፤ ሊበሉም አይችሉም። ዘርዓ ያዕቆብ ያረፉት በ1468 ነው፤ ቃሪያ ከአሜሪካ የወጣው ደግሞ ከ25 ዓመት በኋላ።

ከዚያ በፊት የኛ ሰው ምግቡን የሚያቃጥለው በዝንጅብል፣ በጥምዝና በቁንዶ በርበሬ ነበር። ኮረሪማ ደግሞ የገዛ አገራችን ተክል ነው። ልብ በሉ፦ ቁንዶ በርበሬና በርበሬ በዝምድና አይገናኙም፤ አንዱ የህንድ ሐረግ ነው፣ ሌላው የሜክሲኮ ቁጥቋጦ። ሆኖም በአማርኛ ስም ይጋራሉ። ስፔኖችም እንዲሁ ናቸው፤ ቁንዶ በርበሬን «ፒሚየንታ»፣ ቃሪያን «ፒሚየንቶ» አሉት። ሰው አዲስ ነገር ሲመጣበት በሚያውቀው ስም መጥራቱ የትም ያው ነው።

ታዲያ በርበሬ የኛ አይደለም ማለት ነው? እኔ እንደዚያ አልልም። አምስት መቶ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንድን የባዕድ ተክል ወስደን፣ አድርቀን፣ ከኮረሪማና ከጥቁር አዝሙድ ጋር ደልዘን፣ ሌላ ማንም ያልሠራውን ነገር ሠርተንበታል። የአንድ ምግብ ባለቤትነት የሚመጣው ከዘሩ ብቻ ሳይሆን ከእጁም ነው። ሜክሲኮዎቹ የወራሪን አይብ የራሳቸው እንዳደረጉት ማለት ነው።

ቃጠሎውና አይቡ

የቃሪያን ቃጠሎ የሚያመጣው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ብዙ ሰው ፍሬው ውስጥ ያለ ይመስለዋል። የሚመረተው ግን ፍሬዎቹ በተጣበቁበት ነጭ ሥር ላይ ነው። ስለዚህ ፍሬውን ብቻ አራግፎ ነጩን የተወ ሰው ቃጠሎውን አልቀነሰም።

በ1912 ዊልበር ስኮቪል የተባለ አሜሪካዊ የመድኃኒት ባለሙያ ቃጠሎን የሚለካበት ዘዴ አወጣ። የቃሪያውን ጭማቂ በስኳር ውሃ እያቀጠነ፣ ቀማሾች ማቃጠሉ እስኪጠፋቸው ድረስ ያስቀምሳቸው ነበር። በዚህ መለኪያ ሃላፔኞ ከ2500 እስከ 8000 ገደማ ይደርሳል። ምላሳችን ለምን እንደሚቃጠል ግን የታወቀው በ1997 ነው። ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ ካፕሳይሲን የሚነካውን የነርቭ ተቀባይ አገኙ፤ ጁሊየስም በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋራበት። ይኸው ተቀባይ ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ያለ ሙቀትም ያነቃዋል። «አቃጠለኝ» ስንል እንግዲህ ምሳሌ እየተናገርን አይደለም፤ አንጎላችን የሚደርሰው መልእክት በእርግጥ የእሳት መልእክት ነው።

አይብ ለምን ያበርዳል? ካፕሳይሲን በውሃ ሳይሆን በቅባት ይሟሟል። ውሃ ስንጠጣ ቃጠሎውን አፋችን ውስጥ እናዞረዋለን እንጂ አናጥበውም። የወተት ፕሮቲን የሆነው ኬዚን ግን ካፕሳይሲኑን ይዞ ከምላስ ያነሣዋል። እናቶቻችን የኬሚስትሪ ትምህርት ሳያስፈልጋቸው ሚጥሚጣ ከገባበት ክትፎ ጎን አይብ የሚያስቀምጡት በነገሩ ልክ ስለሆኑ ነው።

ኤር ፍራየር ይጠብሳል?

እውነቱን ለመናገር፣ አይጠብስም። ኤር ፍራየር ትንሽ ምድጃ ነው፤ ከላይ የሚግል ሽቦ፣ ከሽቦው አጠገብ ማራገቢያ፣ ከታች ቀዳዳ ያለው ቅርጫት። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፤ በ1940ዎቹ ዊልያም ማክስሰን የተባለ አሜሪካዊ በአውሮፕላን ላይ የበረደ ምግብ የሚያሞቅ ባለ ማራገቢያ ምድጃ ሠርቶ ነበር። የሆላንዱ ፊሊፕስ የዛሬውን ዓይነት ለቤት ያቀረበው በ2010 ነው።

ምሥጢሩ ነፋሱ ነው። ትኩስ ሻይ እፍ ስንል ቶሎ የሚበርደው ላዩ ላይ የተኛውን ሞቃት አየር ስለምንገፋው ነው። ኤር ፍራየር የዚህን ግልባጭ ያደርጋል፦ ምግቡን የከበበውን ቀዝቃዛና እርጥብ አየር እየገፈፈ በሙቅና ደረቅ አየር ይተካዋል። ላዩ ሲደርቅና ሙቀቱ ከ140 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ይቀላል፣ ይሸታል። ይህን ለውጥ ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚ ማያር በ1912 ገለጸው፤ ስኮቪል ቃሪያ ባስቀመሰበት ዓመት!

እንግዲህ ልትሠሩ ካሰባችሁ፦ ቃሪያውን በቁመቱ ለሁለት ክፈሉ፤ ነጩን ሥር በማንኪያ ፋቁ። ጓንት ብታደርጉ ጥሩ ነው፤ ያንን እጅ ዓይን ላይ ማድረግ አያድርስ ነው። አይቡን ሙሉበት፣ ላዩ ላይ የደቀቀ ደረቅ ዳቦ ነስንሱ፣ ዳቦውን ግን በጥቂት ዘይት አሹት። ያለ ዘይት ዱቄት መስሎ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በ190 ዲግሪ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል።

የኛን አይብ ብትጠቀሙ ደግሞ አንድ ልዩነት ታያላችሁ፤ አይቀልጥም። ሞዛሬላ የሚለጠጠው ፕሮቲኖቹን ያያያዘው ካልሲየም ስላለ ነው። የኛ አይብ የሚወጣው ከጎመዘዘ አሬራ በእሳት ነው፤ ኮምጣጣው ካልሲየሙን ይወስደዋል፣ ሙቀቱ ፕሮቲኑን ያጠብቀዋል። እንዲህ ያለ አይብ ሲሞቅ ውሃውን ይለቃል እንጂ አይፈስም። ስለዚህ በደንብ አጥልሉት፤ ጥቂት ንጥር ቅቤ ጣል አድርጉበት። ከቃሪያው ሳይወጣ ይበስላል።

ቀጥሎ የምትጎርሱት ነገር ቃሪያው የሜክሲኮ፣ ቅርጫቱ የሆላንድ፣ አይቡና ቅቤው የቤታችሁ ነው። ቃሪያውን ያላመዱት ገበሬዎች ስማቸው አልተጻፈም። ልጆቻችሁ «ይሄ የማን አገር ምግብ ነው?» ብለው ቢጠይቋችሁ በአንድ ቃል አትመልሱላቸው። ከእነዚያ ገበሬዎች ጀምራችሁ ንገሯቸው።