ቀጂውን ሌባ እንበለው ወይስ ባለአደራ?

የሸክላው ዘመን አለፈ፤ የካሴቱም ተከትሎት ሄደ። ዘፈኖቹ ግን አሁንም አሉ። ለመሆኑ እንዴት ደረሱን? ብዙዎቹ ሰው ከሰው እየቀዳ ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፣ ደጋንንም አልፎ እስከ ባቲ ገበያ፣ አንድ ሰው የገዛው ካሴት መንደሩን ያዳርስ ነበር። ሙዚቃ ቤቱም ደንበኛው የመረጠውን አምባሰልና ባቲ በባዶ ካሴት ይቀዳለት ነበር። ይህን ስርቆት ብሎ የጠራው ሰው ጥቂት ነው።

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ ግን ግራ ያጋባል። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ወጣቱ የሙዚቃ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ይህን ክልከላ ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አሳተመ። በድንጋጌው ቢመዘን ጥፋተኛ ነበር። ዛሬ ወርቃማ ዘመን እያልን የምናወድሰው ሙዚቃ ግን የዚያ ድፍረት ባለዕዳ ነው። አምሃ ከአብዮቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከእርሱ ጋር ተስማምቶ የድሮዎቹን ሥራዎች «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ለዓለም አደረሳቸው።

እንግዲህ ሁለት መንገዶች አሉ ማለት ነው፤ አንዱ ባለመብቱን ፈልጎ መዋዋል፣ ሌላው ዝም ብሎ መቅዳት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሁለቱን በግልጽ ለይቷቸዋል። አንድ ሰው የታተመን ሥራ ለግል ጥቅሙ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ አይከለክለውም። አባዝቶ ወደ ገበያ ቢያወጣ ግን፣ ሆን ብሎ ካደረገው፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

አንድ ሸክላም አንድ መብት ብቻ የያዘ አይደለም። የድምፅ ቅጂው አሳታሚ መብት ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ 50 ዓመት ይቆያል። የግጥሙና የዜማው ደራሲ መብት ደግሞ ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። በዚህ ስሌት የ1961ዱ ሸክላ አሳታሚ ጊዜው ቢያበቃም የደራሲው ወራሾች መብት ገና ሕያው ሊሆን ይችላል። ሸክላው አረጀ ማለት ባለቤት አጣ ማለት አይደለም።

ይኸው ጥያቄ ባሕር ማዶም በሌላ መልክ ተነሥቷል። እንደ ፓክማን ያሉ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጡ በሳንቲም የሚሠሩ ጨዋታዎች ማሽኖቻቸው ሲያረጁ፣ ኮምፒዩተር የድሮውን ማሽን አስመስሎ እንዲሠራ የሚያደርግ «ማሜ» የተባለ ፕሮግራም በ1997 ወጣ። አስመሳዩ ፕሮግራም በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ጣጣው ጨዋታውን ራሱን ያለፈቃድ መገልበጡ ላይ ነው። በእኛም አዋጅ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከግል ቅጂው ፈቃድ ውጪ ነው። የሚፈቀደው ቅጂውን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ለመጠባበቂያ የሚያስቀምጠው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ቅጂውን በሕጋዊ መንገድ መያዙ ሲያበቃም መጠባበቂያው መጥፋት አለበት። ጨዋታው ከገበያ መጥፋቱ፣ እንደ ዘፈኑ ሁሉ፣ ነፃ አያወጣውም።

ታዲያ ጥያቄው ቅጂ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል አይደለም። ቀጂው ሥራውን ከሞት አድኖታል፤ ቀጂው ደግሞ የዘፋኙን እንጀራ ነጥቆታል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዳንዴም ያው አንድ ሰው ነው።

ሕጉ ግን አንድ በር ክፍት ትቷል። ትርፍ የማያሳድዱ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዛግብትና ሙዚየሞች ያላቸውን ቅጂ ከጥፋት ለመጠበቅ፣ ወይም የጠፋውን ለመተካት መቅዳት ይችላሉ። በወሎ ቤቶች ሳጥን ውስጥ ቴፑ እየተላጠ ያለው ካሴት ከነጋዴው መደብር ይልቅ እንዲህ ያለ ቤት ይሻለዋል። ያን ጊዜ ቀጂው ባለአደራ ይባላል፤ ለዘፋኙ ልጆች የሚገባውም የት እንዳለ ይታወቃል።