የቁጥር ችሎታ ፈተናና ዝግጅቱ፤ ከእንጦጦ እስከ ኮተቤ

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ውስጥ «ስኮላስቲክ አፕቲቲዩድ» እየተባለ የሚጠራ አንድ ፈተና ይገኛል። ከሁለት ክፍል የተዋቀረ ሲሆን አንደኛው የቋንቋን፣ ሁለተኛው የቁጥርን አስተውሎት ይመዝናል። በሁለተኛው ክፍል የሚቀርቡት ጥያቄዎች በይዘታቸው ከዝቅተኛ ክፍሎች ሒሳብ እምብዛም የሚያልፉ አይደሉም፤ ምጥጥን፣ መቶኛ፣ አማካይ፣ የቁጥር ድርድር፣ አንድን ሥራ በጋራ የያዙ ሠራተኞች የሚፈጁት ጊዜና ይህን የመሳሰሉት ናቸው። ይሁን እንጂ ከዚህ የከበደውን ሒሳብ የዘለቀ ተማሪ በዚህኛው ሲሰናከል ይታያል። ምክንያቱን ለመረዳት የፈተናውን ስም ታሪክና የቁጥር ትምህርት በዚህ አገር የመጣበትን መንገድ ጎን ለጎን መመልከት ያሻል። ለዚህም ከእንጦጦ ጀምሮ ወደ ምሥራቅ በየካ ተራራ ሥር እስከ ኮተቤ የሚዘረጋው የአዲስ አበባ ክፍል በቂ ምሳሌ ይሆናል።

ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። እንደ ሌሎቹ አድባራት ሁሉ በእንጦጦና በየካ አድባራትም የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣው በባሕረ ሐሳብ ነው። ይህ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ እንደ ደረሰው የሚነገርለት ቀመር ብዙውን ጊዜ ከሃይማኖት ወገን ብቻ ስለሚታይ የሒሳብ ጠባዩ ይዘነጋል። የ2017 ዓ.ም. ፋሲካ እንዴት እንደ ወጣ እንመልከት። 5500 ዓመተ ፍዳ ሲታከልበት 7517 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ ከዚህም አንድ ሲቀነስ 11 ይቀራል፤ ወንበር የሚባለው ይህ ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይወጣል። የሁለቱ ድምር ሁልጊዜ 30 መሆን ስላለበት ስሌቱ ራሱን በራሱ ይፈትሻል፤ ማንኛውም መሐንዲስ የሚወደው ጠባይ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለ በለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 29 ረቡዕ ነበር፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ 29 እና 4 ተደምሮ በ30 ሲገደፍ 3 ይቀራል። ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ፤ ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ።

በዛሬው ፈተና «ዛሬ ሰኞ ቢሆን ከ100 ቀን በኋላ ምን ቀን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ መንገዱ ያው ነው። መቶው በሰባት ሲገደፍ 2 ይተርፋል፤ መልሱም ረቡዕ ነው። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ይህን ያለ ወረቀት ይመልሰዋል። የመለሰውም በተፈጥሮ የቁጥር ሀብት ስለ ተሰጠው ሳይሆን ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ስለ ቀጸለ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት በዚህ ስፍራ ሥር የሰደደው ከጠላት ወረራ በኋላ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ ተከፈተ። ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛቶች የመጡ ወጣቶች በአዳሪነት ይማሩበት ነበር። ወረራው የተማረውን ወገን ስለ ፈጀ አገሪቱ ጸሐፊ፣ አስተማሪ፣ ሐኪምና መሐንዲስ በአጭር ጊዜ ትሻ ነበር። በገበያ የሚዘዋወረው ገንዘብ ማርትሬዛና የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ሲሆን አዲሱ የኢትዮጵያ ብር የወጣው በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን ተማሪ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመነዝር የምጥጥንን ትምህርት ከክፍል ውጭም ይለማመድ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በ1945 ዓ.ም. ደግሞ የምህንድስና ኮሌጅ ሲከፈቱ ወደነዚህ የሚያስገባው በር የመልቀቂያ ፈተና ሆነ። የቀድሞዎቹ ፈተናዎች የለንደንን ሥርዐት የተከተሉ ነበሩ። በዚህ ሥርዐት የሒሳብ ተፈታኝ መልሱን ብቻ ሳይሆን የደረሰበትን መንገድ በወረቀቱ ላይ ያሰፍራል፤ መልሱ ቢሳሳት እንኳ መንገዱ ነጥብ ያስገኝለታል። ዝግጅቱም ይህንኑ መሰለ። ተማሪው የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ይዞ፣ በተራ በተራ እየጻፈ፣ አስተማሪው በቀይ ቀለም «እንዴት?» እያለ ይመልስለት ነበር። በኋላ የተፈታኙ ቁጥር ሲበዛ «ማትሪክ» በምርጫ ጥያቄ መሰጠት ጀመረ፤ የሚታረመውም በእርሳስ የጠቆረው ፊደል ብቻ ሆነ። ለውጡ ግድ ነበር፤ ይህን ያህል ወረቀት በእጅ ማረም የሚቻል አልነበረም። ነገር ግን «እንዴት?» የሚለው ጥያቄ ከፈተናው ሲወጣ ቀስ በቀስ ከዝግጅቱም ወጣ።

«አፕቲቲዩድ» የሚለው ስም የመጣው ከሌላ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ምልምል ወታደሮችን የሚለይ የአእምሮ ፈተና ተዘጋጀ። በዚያ ሥራ የተሳተፈው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ካርል ብሪገም ዘዴውን ለኮሌጅ መግቢያ አስተካክሎ እ.ኤ.አ. በ1926 አቀረበው። መነሻው ሐሳብ ችሎታ አብሮ የሚወለድ ነውና ፈተናውን በጥናት ማሸነፍ አይቻልም የሚል ነበር። ብሪገም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1923 በመጽሐፍ ያወጣውን የዘር ድምዳሜ እ.ኤ.አ. በ1930 መሠረት የለውም ብሎ ሻረ። የፈተናው ባለቤቶችም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ «አፕቲቲዩድ» የሚለውን ቃል ከስሙ አወጡት። ዛሬ ሦስቱ ፊደላት ብቻ ቀርተዋል። ባለቤቶቹ የተዉት ቃል በኢትዮጵያ የፈተና ወረቀት ላይ እስከ ዛሬ ይታተማል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ አሮጌውን ማትሪክ አስቀረ። በ1993 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የመግቢያ ፈተና ተጀመረ። አፕቲቲዩድም ከእንግሊዝኛና ከሒሳብ እኩል ውጤቱ የሚደመር ሆነ። ሆኖም እንደ ፊዚክስ ወይም እንደ ባዮሎጂ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ አልተቀረጸም፤ ችሎታ አይማሩትምና። በዚህ ባዶ ቦታ የገባው ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች ጥራዝ፣ ወርክሺትና የክፍያ ቲቶሪያል ነው። አቅም ያለው ቤተሰብ ልጅ በመገናኛና በኮተቤ አካባቢ አስጠኚ ያገኛል። የሌለው በየካ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ከጓደኛው የተዋሰውን ጥራዝ ያገላብጣል። ከሁሉ የሚጎዳው ግን ከገጠር ትምህርት ቤት መጥቶ የጥያቄውን ዓይነት መጀመሪያ የሚያየው በፈተናው ዕለት የሆነው ነው፤ ውጤቱ ሲመጣም አልተማርኩም ከማለት ይልቅ ችሎታ የለኝም ብሎ ያምናል። የስሙ ጉዳት እዚህ ላይ ነው።

ቲቶሪያሉም ቢሆን ሁልጊዜ አይረባም። አንድ ግንበኛ አንድን ግንብ በ6 ቀን፣ ሌላው በ3 ቀን ቢጨርስ አብረው በስንት ቀን ይጨርሳሉ? አቋራጩ ቀመር ሁለቱን አባዝተህ ለድምራቸው አካፍል ይላል፤ 18 ለ9፣ መልሱ 2 ቀን፤ ትክክል ነው። አሁን በ2 ቀን የሚጨርስ ሦስተኛ ግንበኛ ይጨመር። ቀመሩን የሸመደደው ተማሪ ሦስቱን አባዝቶ ለድምራቸው ያካፍልና 36 ለ11 ብሎ ከሦስት ቀን በላይ ያገኛል። ሁለት ሰው በ2 ቀን የሚጨርሰው ሥራ ሦስተኛ ሲታከልበት እንዴት እንደ ረዘመ አይጠይቅም። መንገዱን የተማረው ግን በቀን አንዱ ስድስተኛውን፣ ሁለተኛው ሢሶውን፣ ሦስተኛው እኩሌታውን ይሠራል ብሎ ይደምርና አንድ ሙሉ ሥራ ያገኛል፤ መልሱ 1 ቀን ነው። ፈተና አውጪ የተሳሳተውን መልስ ከምርጫዎቹ መካከል ማስገባቱ ደግሞ የታወቀ ነው።

የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች፣ ኩረጃን ለመከላከል ሲባል፣ በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ውስጥ ተፈተኑ። ከአጠቃላዩ ውጤት ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2። አሃዞቹ የሁሉም ትምህርት ድምር እንጂ የቁጥር ክፍሉ ብቻ አይደሉም፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በአፕቲቲዩድ ላይ መጣል አይገባም። ሆኖም ከመቶ ዘጠና ስድስት በላይ የሚሆን ወጣት ችሎታ ሳይኖረው ተወለደ ብሎ የሚሟገት አይገኝም። የጎደለው ትምህርት ነው። ትምህርቱን የሚሰጡት መምህራን ከሚሠለጥኑባቸው ተቋማት አንዱ የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የሚገኘውም በ1935 ዓ.ም. የአዳሪ ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት በዚያው በኮተቤ ነው።