ቪየና ድረስ በእግሩ የሄደው አናጢ

በትራንሲልቫኒያ፣ በአፑሴኒ ተራሮች ላይ ተበታትነው የሚገኙ ከደርዘን በላይ መንደሮች በአንድ የሮማኒያ ገጠር አስተዳደር፣ በአንድ ኮሙና ሥር ናቸው። የኮሙናው ስም ሆሪያ ነው፤ ቀድሞ አራዳ ይባል ነበር። አዲሱን ስም ያገኘው እዚያው ከተወለደ ጭሰኛ ነው። ቫሲሌ ኡርሱ ኒኮላ፣ ሕዝቡ በሚጠራበት ስሙ ሆሪያ፣ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናትን የሚሠራ አናጢ ነበር። በ1773 እ.ኤ.አ. ቺዜር ላይ የሠራው ቤተ ክርስቲያን ዛሬ በክሉዥ ሙዚየም ቆሟል።

የተራራው ገበሬዎች የጉልበት ሥራው በዝቶባቸው፣ መጠጥ የመሸጥ መብታቸውም ተነጥቆ ነበር። ሆሪያ ከ1779 እስከ 1784 አራት ጊዜ ቪየና ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ የሀብስበርጉን ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍን ደጅ ጠንቷል። የሚያከራክረው የመጨረሻው ጉዞ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታውን ሰምተው «እናንተው አድርጉት» ብለው ሸኝተውታል የሚል ወሬ ተራራውን አዳርሶ ነበር። በጥቅምት 1784 መጨረሻ ገበሬው ሲነሣ፣ ከንጉሥ የተፈቀደለት መስሎት ነበር።

እኔን የሚያሳምነኝ ተቃራኒው ነው። አመፁን የፈቀደ ንጉሥ ጦር አያዘምትም፤ መንግሥታቸው ግን መሪዎቹን ለሚያስይዝ የወርቅ ሽልማት አቀረበ። ሆሪያና አመፁን አብሮት የመራው ክሎሽካ በታኅሣሥ 1784 ጫካ ውስጥ ሲያዙ፣ የያዟቸውም የገዛ አገራቸው ሰዎች ነበሩ። ሆሪያ በምርመራው መሪነቱን ክዷል። ንጉሠ ነገሥቱ የገበሬዎቹን በደል ሰምተዋል፤ መስማታቸውን ግን ገበሬው እንደ ትእዛዝ ቆጠረው። ተስፋ የቆረጠ ሰው ይህን ቢያደርግ አልፈርድበትም።

ሦስተኛው የአመፁ መሪ ክሪሻን በእስር ቤት ራሱን ሰቀለ። ሆሪያና ክሎሽካ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1785 በአልባ ዩሊያ ተሰብስቦ እንዲያይ በታዘዘ ገበሬ ፊት በመንኮራኩር ተሰባብረው ተገደሉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ዳግማዊ ዮሴፍ የትራንሲልቫኒያ ጭሰኛ ከመሬቱ ጋር ታስሮ እንዳይኖር አወጁ።

ዛሬ በሮማኒያ ከ2,800 በላይ ኮሙናዎች አሉ። ነዋሪያቸው የመነመነባቸውን እናዋህድ የሚል ክርክር በየጊዜው ይነሣል፤ ምክንያቱ ወጪ መቆጠብ ነው። እንደ ሆሪያ ኮሙና ያሉ የተራራ መንደሮችን ከማዋሃድ በፊት፣ አንድ ሽማግሌ አቤት ለማለት እስከ አዲሱ ጽሕፈት ቤት ስንት ሰዓት እንደሚጓዝ መጠየቅ ይገባል።