የበራር ጥቁር አፈር፦ ባቡሩ ለማን ተሠራ?

የዋልካ አፈርን ጠባይ ቦሌ ወይም መካኒሳ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውንም ይዞት ይሰነጠቃል። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ ይህን አፈር «ጥቁር የጥጥ አፈር» በሚል የፈረንጅ ስሙ ነበር የተማርነው። አዲስ አበባ ላይ ጥጥ የት አለ? ብዬ ብጠይቅ መምህሬ «ስሙ ከሕንድ የመጣ ነው» ብሎ አለፈኝ። የስሙን አገር በመጻሕፍት ተከትዬ ያገኘሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ይሁን እንጂ እኛ በውጭ ያለን ኢትዮጵያውያን ስለ መንገድና ስለ ባቡር በተከራከርን ቁጥር ይህ አገር ትዝ ስለሚለኝ ጥቂት ልበል።

አገሩ በራር ይባላል። ዛሬ በማሃራሽትራ ግዛት ውስጥ የቪዳርባ ምዕራባዊ ክፍል ነው። በሰሜን የሳትፑራ፣ በደቡብ የአጃንታ ተራሮች ያዋስኑታል፤ በመካከላቸው የፑርና ወንዝ ሜዳ ተዘርግቷል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ጥቁር አፈር የክረምቱን እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ጥጥ ያለ መስኖ ይበቅልበታል። ገበሬው ጥጥንና ማሽላን እያፈራረቀ ይዘራ ነበር። ከጥጡ ከፊሉን የአገሬው ሸማኔ ይገዛዋል፤ ከፊሉ ደግሞ በበሬ ተጭኖ በጋንጀስ ወንዝ ዳር እስካለችው ሚርዛፑር ድረስ ይጓዝ ነበር።

እንግሊዞች በራርን የያዙት በዕዳ ነው። የሃይደራባዱ ኒዛም በስሙ ለቆመው፣ ነገር ግን በእንግሊዝ መኮንኖች ለሚታዘዘው ጦር ደመወዝ መክፈል ስላቃተው በ1853 እ.ኤ.አ. ግዛቱን ለምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አስረከበ። በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ የላንክሻየር ፋብሪካዎች ጥጥ አጡ፤ የሁሉም ዓይን ወደ ሕንድ ዞረ። ከቦምቤይ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በራርን አቋርጦ በ1867 ናግፑር ገባ። በ1870 ደግሞ የእንግሊዙ እንደራሴ ሎርድ ማዮ ራሱ ተገኝቶ ወደ ካምጋዎን የጥጥ ገበያ የሚወስደውን ቅርንጫፍ መሥመር መረቀ። መዳመጫና መጭመቂያ ፋብሪካዎች በየጣቢያው በቀሉ።

በሙያዬ ዓይን ሳየው ሥራው ያስደንቃል። ክረምት በገባ ቁጥር ጋሪ በሚውጥ ጭቃ ላይ ሐዲድ መዘርጋት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ካርታውን እንመልከት፦ መሥመሩ ከጥጥ ገበያ ወደ ወደብ ነው የሚሮጠው። ጥሬው ጥጥ ወጣ፤ የፋብሪካው ጨርቅ ገባ፤ ሸማኔው ሥራ ፈታ። የአሜሪካው ጦርነት በ1865 ሲያበቃ ዋጋው ወደቀ። የመሬት ግብሩ ግን በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ስለነበረ ገበሬው ከአራጣ አበዳሪ እጅ አልወጣም።

ፈተናው በ1896–97 እና በ1899–1900 መጣ፤ ዝናብ ጠፋ። እህል በባቡር መግባቱ እውነት ነው። ሆኖም ጥጡም ማሽላውም የከሸፈበት ገበሬ፣ አረምና ለቀማ የቀረበት የቀን ሠራተኛ በምን ይግዛው? በሕዝብ ቆጠራው መሠረት በ1891 ወደ 2.9 ሚሊዮን ይጠጋ የነበረው የበራር ሕዝብ በ1901 ወደ 2.75 ሚሊዮን ወረደ። ይህ የሆነው ባቡር በገባበት አገር ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው የረሃብ ጥናት የ1973ቱን (የ1965/66 ዓ.ም.) የወሎ ረሃብ መርምሯል። ወሎን የሚያቋርጥ አውራ ጎዳና ነበረ፤ ሕዝቡ ሲራብ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህልም ነበረ። መኪና ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል። የተራበው ሰው የመግዛት አቅም ከሌለው አስፋልቱ ደጃፉ ቢደርስም አይመግበውም።

ይህን ስል መንገድ አይሠራ ማለቴ አይደለም፤ እንጀራዬ እኮ እሱ ነው! ግን ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ ብለን ስንቆጥር ምን ይዞ ወጣ፣ ምን ይዞ ገባ፣ ዝናብ ሲጠፋስ ገበሬው በእጁ ምን ይቀረዋል ብለን እንጠይቅ። በ2006 የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ማንሞሃን ሲንግ ወደ ቪዳርባ የሄዱት በዕዳ ተማርረው ራሳቸውን ስላጠፉ የጥጥ ገበሬዎች ጉዳይ ነበር። ሐዲዱ ከተዘረጋ ያኔ 140 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

ቸር ይግጠመን።