ስለ መጋዝ ዋጋና ስለ ጥራቱ



ባለፈው ዓመት ለቤቴ የሚሆን የእጅ መጋዝ ገዛሁ። ጥቂት ወራት ከሠራሁበት በኋላ ስለ ደነዘዘ፣ እንዲስልልኝ ወደ ሰፈራችን አናጢ ወሰድሁት። አናጢውም ሞረዱን ሁለት ጊዜ በጥርሱ ላይ አሳልፎ፣ «ይህስ ሞረዴን ይበላዋል እንጂ አይሳልም» ሲል መለሰልኝ። ምክንያቱን ለማወቅ መርምሬ ያገኘሁትን ዛሬ አቀርብላችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የመጋዝ ጥራት ከሁሉ አስቀድሞ የአረብ ብረት ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ አገር ቤንጃሚን ሃንትስማን የሚባል የሰዓት ሠሪ ነበር። ለሰዓት ሞላ የሚሆን የታመነ ብረት ስላጣ፣ በ1740ዎቹ በሼፊልድ ከተማ አጠገብ አረብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ እንደ ውሃ እስኪፈስ ድረስ አቀለጠው። ከዚያ በፊት የነበረው ብረት አንዱ ወገኑ ጠንካራ፣ ሌላው ልል ይሆን ነበር፤ የሃንትስማን ግን ወጥ ሆኖ ወጣ። ሼፊልድም በመሣሪያዋ በዓለም ታወቀች። (ባለ እጆቻችን ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ማረሻና መጥረቢያ የሚሠሩት ይህንኑ የብረት ጠባይ ስለሚያውቁ ነው።)

ሄንሪ ዲስተን የተባለው እንግሊዛዊ በ1833 ገና በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በፊላዴልፊያ የመጋዝ ሥራ ተምሮ በ1840 የራሱን ሥራ ጀመረ፤ በ1855ም የሼፊልድን ብረት መጠበቅ ትቶ ራሱ አረብ ብረት ያቀልጥ ጀመር። እጀታው ከፖም እንጨት የተሠራው መጋዙ በ1900 ገደማ ላንድ አሜሪካዊ አናጢ ከቀን ደመወዙ ግማሽ ያላነሰ ያስወጣው ነበር። ነገር ግን በደነዘዘ ቍጥር እየሞረደ ብዙ ዓመት ይሠራበታል።

ከ1920ዎቹ ጀምሮ በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መጋዝ መጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግንበኛውም አናጢውም ወደዚያ ስላዘነበለ፣ የእጅ መጋዝ ገዢ እንደ እኔ ያለ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ጣውላ የሚቈርጥና መሳል የማያውቅ ሰው ሆነ። የዲስተን ቤተ ሰብም ፋብሪካውን በ1955 ሸጠ። ፋብሪካዎች ለዚህ ለአዲሱ ገዢ የሚስማማ ነገር አገኙ፤ ይኸውም የመጋዙን ጥርስ ጫፍ ብቻ በኤሌክትሪክ ኃይል በቅጽበት አግሎ ማቀዝቀዝ ነው። ጥርሱ ከሞረድ ይልቅ ስለሚጠነክር ሞረዱ ያንሸራትተዋል። እኔም የገዛሁት ይህንኑ ነው።

የረከሰው መጋዝ ማታለያ ነው ለማለት አልደፍርም። ከፋብሪካ ሲወጣ ስለቱ ግሩም ነው፤ ቶሎም አይደነዝዝም፤ በአሜሪካ ዋጋው ያንድ አናጢ የአንድ ሰዓት ደመወዝ አይሞላም። ከደነዘዘ ግን መጣያው ቈሻሻ ነው። በአንጻሩ በሞረድ የሚሳለውን መጋዝ በጥንቃቄ የሚሠሩ ጥቂት አነስተኛ ፋብሪካዎች ዛሬም አሉ፤ ከእነርሱ አንድ ትልቅ መጋዝ ለመግዛት የሚያስፈልገው ወደ አንድ ሙሉ ቀን ደመወዝ ይጠጋል። እንግዲህ ጥሩው መጋዝ በመቶ ዓመት ውስጥ አልረከሰም፤ የረከሰው በስሙ የሚጠራው ሌላ ዕቃ ነው።

አናጢው መጋዜን ሲመልስልኝ የራሱን አሳየኝ። ከመምህሩ የወረሰው ነው፤ ከመሞረዱ ብዛት የተነሣ ወርዱ በጫፉ በኩል ሦስት ጣት ያህል ብቻ ቀርቶለታል። ልግዛህ ብለው ሳቀብኝ።